«ላምባዳ»ን የዘፈነችልን ሴት አረፈች፤ ስሟን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)
ጥር 13/2009

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። በበዓል ማግስት መርዶ ይዤ መጣሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ትናንት ሚካኤልን አስገብተን ቤት ስመለስ ሬዲዮ ከፈትኩ። «ላምባዳን የዘፈነችው ብራዚላዊት ድምፃዊት ተገድላ ተገኘች» ይላል። ሎአልዋ ብራዝ ብለው ጠሯት። ዕድሜዋ 63 ነበር። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት ውስጥ፣ ሳኳሬማ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ የእንግዳ ማረፊያ ነበራት። ሌቦች ገቡባት። አስከሬኗ ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ በተቃጠለ መኪና ውስጥ ተገኘ። ፖሊስ ሦስት ሰዎች ይዟል። አንዱ እዚያው ማረፊያዋ ሲሠራ የነበረ ነው።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ድምፅዋን በእንቅልፍ ልቤ ብሰማው አልስተውም። ስሟን ግን የሰማሁት ትናንት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ከሁሉም ይህ ከነከነኝ።

በ1982 አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤታችን ወረድ ብሎ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ናሽናል ቴፗን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። አምስት ሆነን ገብተን አንድ ሻይ እናዛለን። ሻይዋን ግን አንነካትም። ብርጭቆው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ውጡ የሚል የለም። እስክትቀዘቅዝ ድረስ ያንን ዘፈን ሦስት አራት ጊዜ እንሰማለን። መጀመሪያ አኮርዲዮኑ ይመጣል። ከዚያ የሷ ድምፅ። ቋንቋው ምን እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበር። ግን አብረን እንዘፍነው ነበር፤ ከፊቱ እስከ ኋላው፣ አንድም ቃል ሳይገባን።

ቡድኑ ካኦማ ይባላል። ብዙ አልቆዩም። የመጀመሪያው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ሁለተኛው በ1991። በ1998 ደግሞ አንድ ሞከሩ፤ ያኔ ሰው ጆሮውን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። እኛ ግን አልረሳንም። ቢያንስ እኔ አልረሳሁም።

የሞተችበትን ቀን አስተውላችኋል? እ.ኤ.አ. ጥር 19። የኛ ጥር 11። እኛ ታቦት አጅበን ስንዘምርና ስንጨፍር በዋልንበት ቀን ነው።

ስለዚህ ቡድን፣ ስለዚያ ጊዜ ምን ታስታውሳላችሁ? እባካችሁ ጻፉ።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ጥር 13/2009

ነፍስ ይማር። በጣም ነው ያዘንኩት። እኔ እስከ ዛሬ ፈረንሳዊት ትመስለኝ ነበር። ቡድኑም የፈረንሳይ ነው ሲባል ነበር የምሰማው።

---

ሰባራ ካሴት (ባሕር ዳር)
ጥር 13/2009

@ጣና ዳር፣ ግማሽ ልክ ነህ። ቡድኑ የተሰበሰበው ፓሪስ ነው። እሷ ግን የሪዮ ልጅ ናት።

ካሴት መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ስለነሱም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ትንሽ ላካፍላችሁ።

ካኦማ የአንድ አገር ቡድን አልነበረም። አንዳንዶቹ ቱሬ ኩንዳ ከተባለው የሴኔጋሎች ቡድን ጋር ሲጫወቱ የነበሩ ናቸው። ኪቦርዱን የሚጫወተውና ሥራውን የሚመራው ዣን ክሎድ ቦናቬንቱር ነው። ቤዙን የሚመታው ከማርቲኒክ፣ ጊታሪስቱ ከጓዴሎፕ። ከድምፃውያኑ አንዷ ሴኔጋላዊት ናት። ስለዚህ ያ ዘፈን ውስጥ አፍሪካም አለች። ወገባችን በራሱ የታዘዘለት ለዚህ ይመስለኛል።

ሎአልዋ የሙዚቃ ቤት ልጅ ናት። አባቷ የኦርኬስትራ መሪ፣ እናቷ ፒያኖ ተጫዋች። ፒያኖ የጀመረችው በአራት ዓመቷ ነው። ካኦማ ሲመሠረት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ልጅ አልነበረችም። ከዚያ በፊት አገሯ ውስጥ ከትልልቅ ድምፃውያን ጋር ሠርታለች፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደች። ብዙ ሰው ከምንም የተነሳች አድርጎ ያስባታል። አይደለም። ያ ድምፅ የብዙ ዓመት ልፋት ነው። ጠጋ ብላችሁ ስሙት። አትጮህም። ትንፋሽዋን ቆጥባ፣ ቃሉን ጫፍ ላይ ለቀቅ ታደርገዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1989 ክረምት ፈረንሳይ ውስጥ ዘፈኑ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቴ ኤፍ አን የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቀን ከሌት ያሳየው ነበር። ኦራንጂና የሚባለው ለስላሳ መጠጥም በማስታወቂያ ገብቶበታል። በዚያው ዓመት ብቻ በዓለም ዙሪያ አምስት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ ይባላል።

ከዚህ ውስጥ እኛ የገዛነው የለም። የኛ ሁሉ ቅጂ የቅጂ ቅጂ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬ ይሰማኛል።

---

የማሲንቆ ቤት (አዴት)
ጥር 14/2009

ነፍሷን በገነት ያኑርልን። አሟሟቷ ልብ ይሰብራል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዳይቀር። ዜማው የካኦማ አይደለም። የቦሊቪያ ሰዎች ነው። ሎስ ካርካስ የሚባል ቡድን አለ። ኡሊሴስና ጎንዛሎ ኤርሞሳ የሚባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተሙት። ማርሲያ ፌሬራ የምትባል ብራዚላዊት ደግሞ በ1986 በፖርቱጋልኛ ዘፈነችው። ካኦማ የተጠቀመው የሷን ግጥም ነው። ፓሪስ ላይ ግን ዜማው «ቺኮ ዴ ኦሊቬራ» በሚል የብዕር ስም ተመዘገበ። ወንድማማቾቹ ከሰሱ፤ ገንዘባቸውንም አገኙ።

የካርካስን ስሙት። ከበይነ መረብ ታገኙታላችሁ። አኮርዲዮን የለውም። የሸምበቆ ዋሽንት ነው የሚከፍተው፤ ብዙ ሸምበቆ ጎን ለጎን የታሰረበት። ዝግ ይላል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ከብት ስጠብቅ ያደግኩበት ሜዳ ነው የታወሰኝ። ተራራማ አገር ናቸው መሰለኝ እንደኛው።

እኔ የአዝማሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ሠርግ ላይ የተጫወተውን ዜማ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ሲቀዳው፣ ከዚያም ስሙን ሲለጥፍበት አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አባቴም አይወድም። ስለዚህ ካኦማ ሲነሳ ደስ የሚለኝም የሚያመኝም ነገር አለ።

---

የመንቆረር ልጅ
ጥር 14/2009

@የማሲንቆ ቤት፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ ወንድሜ። የቦሊቪያዎቹን ዛሬ ሰማሁት። እውነትህን ነው። አንጀት ይበላል።

ግን እሷን ከነሱ እንለይ። ወረቀቱ ላይ የፈረመች፣ ስም የቀየረች እሷ አይደለችም። እሷ ግቢና ዝፈኚ ተብላ ገብታ የዘፈነች ናት። ዓለም ሁሉ ሲጨፍር የማን ዜማ እንደሆነ ያልጠየቅነው፣ የማን ድምፅ እንደሆነም ያልጠየቅነው እኛው ነን። የአባትህም፣ የኤርሞሳዎቹም፣ የሷም ነገር አንድ ሆኖ ነው የታየኝ። ዘፈኑ ቤታችን ይገባል። ሰዎቹ ደጅ ይቀራሉ።

---

ዳንግላዊት (ዳንግላ)
ጥር 14/2009

እናንተዬ፣ የቀሚሱን ነገር ማንም ሊያነሳ አይደለም?

በ1983 ጥምቀት የላምባዳ ቀሚስ ካላሰፋሁ ብዬ አለቀስኩ። አጭር ነው፤ ከወገቡ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ። ስትዞሪ ጃንጥላ ይሆናል። እናቴ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሲለካኝ ጉልበቴን አሳየሁት። እናቴ ቀና ብላ፣ «ይኼ ቀሚስ ነው መሐረብ?» አለች። ሰፊው ሁለታችንንም አየ። በመጨረሻ ከጉልበት በታች አራት ጣት አደረገው። ሰፊ ጠርዝ አጥፎ ሰፋበት። እኔን ጠጋ ብሎ፣ «ስታድጊ ትለቂዋለሽ» አለኝ። መቼም እድገት የሚያስረዝም እንጂ የሚያሳጥር አይደለም፤ ገብቶኛል፤ ግን አባባሉ አጽናናኝ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ለብሼው ወጣሁ። እኛ ሠፈር ልጃገረዶቹ በክብ ቆመን ስንጨፍር፣ እስክስታውን ስንመታ ቆይተን መሐል ላይ ሳይታወቀን ወገባችን ወደዚያ ይሄዳል። ትከሻችን የጎጃም፣ ወገባችን የብራዚል! ሽማግሌዎቹ ይስቁ ነበር እንጂ አልተቆጡንም።

ቀሚሱ አሁንም አለኝ። ለልጄ ሰጥቻት ነበር፤ ረዘመብኝ አለች።

ሎአልዋ ብራዝ። ስሟን ዛሬ ለልጄ ነገርኳት። እግዚአብሔር ነፍስሽን ይማር እህቴ።

---

የደብረ ወርቁ (ደብረ ወርቅ)
ጥር 14/2009

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በሰው ሞት ማንም ደስ አይለውም። እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን ያ ጭፈራ ለኛ ወጣት የሚሆን አልነበረም። ያኔ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። የኔታ ስሙን እንኳ እንድናነሳ አይፈቅዱም ነበር። ወንድና ሴት ደረት ለደረት ተጣብቆ መወዛወዝ ከየት የመጣ ነው? ትዝታችሁን አከብራለሁ። ይህን ሳልል ግን ማለፍ አልቻልኩም።

---

ዳንግላዊት
ጥር 14/2009

@የደብረ ወርቁ፣ በአክብሮት ነው የተናገርክ፤ በአክብሮት ልመልስ። እኛ ደረት ለደረት አልጨፈርንም። ማን ይፈቅድልናል? ሴት ከሴት ጋር፣ ወንድ ከወንድ ጋር፣ አለዚያም ብቻችንን ነበር። ጭፈራው ከሩቅ ሲመጣ አገሩን መስሎ ነው የገባው። የኔታን ግን አከብራቸዋለሁ።

---

ሰባራ ካሴት
ጥር 14/2009

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጭፈራው ራሱ የተነሳው ከሰሜን ብራዚል፣ ከፓራ ግዛት ነው። የድሃ ሠፈር ጭፈራ ነበር። «ላምባዳ» ማለት በፖርቱጋልኛ በኃይል መምታት፣ መግረፍ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ባሂያ ወረደ። የዘፈኑም ቪዲዮ የተቀረጸው ባሂያ ውስጥ በባሕር ዳርቻ ነው። ያንን ቪዲዮ ያየ ካለ ሁለቱን ሕፃናት ያስታውሳል። ጥቁር ወንድ ልጅና ነጭ ሴት ልጅ። አብረው ሲጨፍሩ አባቷ ይመታታል። ሎአልዋ ልጁን ስታባብለው ትታያለች። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቀሚሱን ነው። እኔ የማስታውሰው ያንን ማባበሏን ነው።

---

የሚሌኒየም ልጅ (እንጅባራ)
ጥር 15/2009

እኔ የዘፈኑን ዜማ የማውቀው ከጄኒፈር ሎፔዝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ኦን ዘ ፍሎር» ላይ አለ። የሷ መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ሲሰማው ሁልጊዜ ከወንበሩ ይነሳል። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ዛሬ ማታ ዋናውን አብረን እንሰማዋለን።

---

የማሲንቆ ቤት
ጥር 15/2009

@የሚሌኒየም ልጅ፣ ጎሽ! የዚያኛው ዘፈን ደግ ነገሩ፣ የኤርሞሳ ወንድማማቾች ስም ከደራሲዎቹ ጋር ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ቢፈጅም ተጽፏል።

---

ኤንትሬ (ቡሬ)
ጥር 16/2009

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሰባ አልፎኛል። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፤ እኔ እየነገርኩት።

ያን ካሴት ጎጃም ካስገቡት አንዱ ሳልሆን አልቀርም።

የጭነት ሹፌር ነበርኩ። ኤንትሬ ፊያት እነዳ ነበር። አሰብ ገና የኛ ወደብ ናት። ከአሰብ አዲስ አበባ 880 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚሌን፣ አዋሽን አልፈህ። ሙቀቱን አልነግራችሁም። አሰብ ላይ ጭነት እስኪደርሰን አንዳንዴ ሳምንት እንተኛለን። መርከበኞች የሚያመጡትን ዕቃ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ሰዓት፣ ሽቶ፣ ካናቴራ፣ ካሴት። በ1982 መጨረሻ ገደማ አንዱ ልጅ ካሴት አሰማኝ። ዋጋው ይከብድ ነበር። ተከራከርኩት። አኮርዲዮኑን ስሰማ ግን ተውኩት። እኛ ልጅ ሳለን አዲስ አበባ የነበሩት ኦርኬስትራዎች አኮርዲዮን ነበራቸው። እሱን ነው የታወሰኝ። ከፈልኩ።

ቴፑን ጋቢና ውስጥ በባትሪ አስሬዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስንወርድ ነው ነገሩ። ያን ጊዜ አሮጌው ድልድይ ብቻ ነበር። ወርደህ ደጀን እስክትወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጫነ መኪና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ ነው የሚሄደው። በፍሬን ብቻ ልያዘው ካልክ አለቀልህ። እንቅልፍ አይፈቀድም። ረዳቴ አንድ የደጀን ልጅ ነበር። ካሴቱ ባለቀ ቁጥር ይገለብጠዋል። ባትሪ እንዳይጨርስ ደግሞ በእስክርቢቶ ያጠነጥነዋል። በረሃው ውስጥ ዝንጀሮ ጥግ ጥጉን ተቀምጦ ያየናል። የዚያች ሴት ድምፅ ገደሉን ሞልቶት ነበር።

ደብረ ማርቆስ አንድ ቀን ካደርኩበት ቤት አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ለአንድ ሌሊት አውሰኝ አለችኝ። አዋስኳት። ጠዋት ስትመልስልኝ ቁርስና ሻይ አልከፈልኩም። @የመንቆረር ልጅ፣ ቴፗን በጥልፍ ትሸፍን ነበር ያልካት እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም። ቴፑን በጥልፍ ያልሸፈነ በዚያን ዘመን ማን ነበር? ግን ከዚያ በኋላ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባረፍኩበት ሁሉ ያን ዘፈን ሰማሁት። ደምበጫ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ከኔ ቀድሞ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ስሟን እኔም አልጠየቅኩም። ሽፋኑ ላይ ነበረ፤ ላቲኑን ማን ያንብበው። እግዜር ነፍሷን ይማራት። ሌሊት ስንት ጊዜ ከገደል ያወጣችኝ እሷ ናት።

---

የመንቆረር ልጅ
ጥር 16/2009

ጋሼ፣ እንባዬ መጣ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ሻይ ቤቷ የነበረችበት ከአሮጌው አውቶቡስ መናኸሪያ በላይ ነው። ባለቤቷ አሁን በሕይወት የለችም። እርስዎ ያደሩበት እዚያ አካባቢ ነበር?

---

ኤንትሬ
ጥር 16/2009

እዚያው ነው ልጄ። ጥርሷ ፍንጭት ነበረች?

---

የመንቆረር ልጅ
ጥር 16/2009

ነበረች ጋሼ።

---

ታናሽ እህት (ፍኖተ ሰላም)
ጥር 18/2009

ሦስት ቀን እያነበብኳችሁ ዝም ብዬ ነበር። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ።

እኔ ለዚህ ዘፈን ሌላ ትዝታ ነው ያለኝ። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሁሉ ነጭ ነው። በመጀመሪያ ደመወዙ ያስቀዳው ካሴት ይህ ነበር። ሠፈር ውስጥ አብራው የምትጨፍር ስለሌለች እኔን አሠለጠነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባዶ እግሬን ጫማው ላይ ያቆመኝና ሁለት እጄን ይዞ ግቢው ውስጥ ያዞረኛል። የሬዲዮኑ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ሲሞቅ ግማሽ ዘፈን ይወጣዋል። ከዚያ ድምፅዋ እየጎተተ፣ እየወፈረ፣ የወንድ ይመስልና ይቆማል። ያን ጊዜ ወንድሜ የቀረውን በአፉ ይጨርሰዋል።

ኅዳር 1983፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ወጣ። በዚያ ቀን አፈሳ ነበር። አልተመለሰም። እናቴ እስከ ማታ እያለቀሰች ከደጅ ደጅ ዞረች። እሁድ ጠዋት መኪና ላይ ሲጭኗቸው አየነው። እሱም አይቶናል። ያለቅስ ነበር። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አንድ ደብዳቤ መጣ። ደኅና ነኝ፣ ለእማ ባትሪ ግዙላት፣ ካሴቱን ታናሽዬ እንዳትነካካው የሚል።

በየካቲት ጦርነቱ ወደኛ መጣ። የተበተነው ወታደር በእግሩ በከተማችን አለፈ። እናቴ ቆሎና ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ቆመች። እያንዳንዱን ታስቆማለች። ውኃ ትሰጣለች። መልኩን ትነግራለች። ስንት ቀን እንደቆመች አላስታውስም። ከፊቷ ያለፈው ሁሉ የሰው ልጅ ነው፤ የሷ አልነበረም።

እናቴ በ2001 አረፈች። ሳጥኗን ስንከፍት ካሴቱ ከወፍጮ ቤት መታወቂያው ጋር በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። እስከ ዛሬ አላጫወትኩትም። አልቻልኩም።

የጠየቅኳችሁ አንድ ነገር ነው። ዘፈኑ ምን ይላል? እስከ ዛሬ የደስታ ዘፈን ነው ብዬ ነው የማስበው።

---

ሰባራ ካሴት
ጥር 18/2009

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ግን ጠይቀሻልና አልዋሽሽም።

የደስታ ዘፈን አይደለም። የመለያየት ነው። አንድ ቀን ያስለቀሰ ሰው፣ በተራው እያለቀሰ መሄዱን ነው የሚናገረው። የትም ቢሄድ ያን ፍቅር እያስታወሰ እንደሚኖር። የቦሊቪያዎቹ ዝግ አድርገው የሠሩትም ለዚህ ነው።

---

ዳንግላዊት
ጥር 18/2009

እኔ ታዲያ ምን ሆኜ ነው የጨፈርኩበት? እህቴ፣ አይዞሽ። እናትሽን ነፍስ ይማር። ወንድምሽንም።

---

የደብረ ወርቁ
ጥር 18/2009

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድምሽን በጸሎት አስባለሁ። ከፈለግሽ የክርስትና ስሙን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ከዚህ በፊት የጻፍኩትን አልሽርም፤ እምነቴ ነው። ነገር ግን አንቺ ወንድምሽ ጫማ ላይ ቆመሽ የጨፈርሽውን እኔ ኃጢአት ልለው አልችልም።

---

ኤንትሬ
ጥር 19/2009

ልጄ፣ ያን የካቲት እኔም መንገድ ላይ ነበርኩ። ጭነቴን አራግፌ ባዶ ስመለስ የቻልኩትን ወታደር አሳፍሬአለሁ። እግራቸው ቆስሎ፣ ጫማ የሌላቸው። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። መንገድ ዳር የቆሙትን እናቶች አይቻቸዋለሁ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ በየከተማው ነበሩ። ውኃ ይዘው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ። አንዷ እናትሽ ነበረች ማለት ነው። ከውኃው እኔም ጠጥቼ ይሆናል።

ወንድምሽን አሳፍሬው እንደሆነ አላውቅም። ባውቅ ምን ነበረበት።

---

ታናሽ እህት
ጥር 19/2009

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ያሳፈሩትንም «የሰው ልጅ አሳፍሯልና እግዜር አያሳፍረው» እያለች ስትመርቅ ነበር። ሹፌሮቹን ማለቷ ነበር። ምርቃቱ ደርሶዎታል።

@ሰባራ ካሴት፣ ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ። እሁድ ጠዋት መኪናው ላይ ያየሁት እሱ ነው እንግዲህ። ካሴቱን ልሰማው እፈልጋለሁ። ግን ሃያ ስድስት ዓመት አልተጫወተም። ክሩ ይበጠስብኛል ብዬ ፈራሁ።

---

ሰባራ ካሴት
ጥር 19/2009

እህቴ፣ በምንም ዓይነት ቴፕ ውስጥ አትክተቺው! ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ክሩ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቴፑ በኃይል ሲስበው ይበጠሳል ወይም ይጠመጠማል። መጀመሪያ በእጅ፣ በእስክርቢቶ፣ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ማጠንጠን፤ ከዚያ መመለስ ነው። ቀጥሎ መሐል ላይ ክሩን ወደ ጭንቅላቱ የሚገፋት ትንሽ ስፖንጅ አለች። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። መፍትሔው ቀፎውን ፈትቶ ክሩን ወደ ደኅና ቀፎ ማዛወር ነው። ያን ሳደርግ ብዙ ዓመቴ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቼ ወደ ኮምፒውተር እቀዳዋለሁ። ሁለተኛ ማጫወት አያስፈልግም።

እኔ ዘንድ ላኪልኝ። ገንዘብ አልቀበልም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ለሹፌር ስጪው፤ እዚህ ቆሜ እቀበላለሁ።

---

የማሲንቆ ቤት
ጥር 20/2009

ወደዚህ ውይይት የመጣሁት ስለ መብት ልከራከር ነበር። አሁን አገራችንም ሕግ አላት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996። ለአባቴ ዘግይቶ መጣ። ትናንት ማታ ግን ለአባቴ የእህታችንን ታሪክ አነበብኩለት። ማሲንቆውን አወረደና የቦሊቪያዎቹን ዜማ ፈለገው። በአንዲት አውታር ነው፤ ግን አገኘው። ከዚያ «ይኼ አንቺ ሆዬ ውስጥ የሚኖር ሐዘን ነው» አለኝ። ትክክል ይሁን አይሁን የዜማ አዋቂዎች ይናገሩ። ለኔ ግን ልክ ነው።

---

ታናሽ እህት
ጥር 27/2009

ካሴቱን ዛሬ ጠዋት በሚወጣው መኪና ልኬዋለሁ። የሹፌሩን ስልክ በውስጥ መስመር ታገኘዋለህ።

---

ሰባራ ካሴት
የካቲት 2/2009

ደረሰኝ። እንደፈራሁት ስፖንጇ ወድቃለች። ክሩ ግን ደኅና ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ተጨማድዷል። ነጠላው አድኖታል፤ አቧራ አልገባበትም። ቀፎውን ቀይሬ ቀድቼዋለሁ። በአንድ በኩል ካኦማ ነው። በሌላ በኩል ግማሹ ባዶ ነው።

አሮጌውን ቀፎም አብሬ እመልስልሻለሁ። የወንድምሽ እጅ የነካው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ። ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አዲሱ ቀፎ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

---

ታናሽ እህት
የካቲት 2/2009

ሎአልዋ ብራዝ ብለህ ጻፍ። ከሥር ኡሊሴስና ጎንዛሎ ኤርሞሳ። ቦታ ከተረፈ የወንድሜን ስም። እሱን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።

---

ሰባራ ካሴት
የካቲት 2/2009

ቦታ ይበቃል። ሐሙስ በሚወጣው መኪና ትደርስሻለች።